ሰይፍ የመዘዘችው ማሪያን

ከለንደን በባቡር ተሳፍሬ ኖቲንግሃም እንደ ደረስኩ በመጀመሪያ የሄድኩት ወደ ግንቡ ነበር። ሮቢን ሁድ እዚያ ደጋኑን ወጥሮ ቆሟል፤ ጄምስ ውድፎርድ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1952 የቆመ የነሐስ ሐውልት። ፍላጻውን ሌቦች በተደጋጋሚ እንደ ሰረቁት ስሰማ ሳቄ መጣ። ሀብታም ዘርፎ ለድሃ የሚያካፍል ሽፍታ፣ ራሱ ሲዘረፍ ለማን አቤት ይላል?

ፍቅረኛው ማሪያን ግን ከጎኑ የለችም። ያገኘኋት ግድግዳው ላይ ካሉት የነሐስ ቅርጾች በአንዱ ነው፤ ንጉሥ ሪቻርድ እጇን ከሮቢን እጅ ጋር ሲያገናኝ። ሙሽራ ናት። እኔን ከቤቴ ያስወጣችኝ ግን ሌላዋ ማሪያን ነበረች።

እሷን ፍለጋ በአውቶቡስ ወደ ኤድዊንስቶው መንደር፣ ከዚያም በእግሬ ወደ ሸርዉድ ደን ገባሁ። «ሜጀር ኦክ» የሚባለው ዛፍ ፊት ስደርስ ቃል አጣሁ። የግንዱ ዙሪያ 11 ሜትር ገደማ ነው። ቅርንጫፎቹ እንደ ሽማግሌ ምርኩዝ ይዘዋል፤ ምርኩዙ ብረት ነው። ሥሩ እንዳይረገጥ ዙሪያው ታጥሯል። ስሙ ስለ ትልቅነቱ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ እ.ኤ.አ. በ1790 ስለ ዛፉ የጻፈው የሻለቃ («ሜጀር») ሄይማን ሩክ ማዕረግ ኖሯል። ሮቢን በግንዱ ሆድ ይደበቅ ነበር ይባላል። ዕድሜው ከ800 እስከ 1,100 ዓመት ይገመታል። ትንሹ ግምት እውነት ከሆነ፣ ሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1199 ሲሞት ዛፉ ገና አልበቀለም። ግድ አልሰጠኝም፤ የፍቅር ታሪክ ጥላ ይፈልጋል፣ ጥላው ደግሞ ሞልቷል።

እዚያው ተቀምጬ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሁለቱ የተጻፈውን የትረካ ዘፈን አወጣሁ። ሮቢን መስፍን ሳለ ከማሪያን ጋር ይዋደዳሉ። ዕጣ ለያያቸውና እሱ ዱር ቤቴ አለ። እሷ የወንድ አሽከር ልብስ ለብሳ፣ ደጋንና ፍላጻ፣ ሰይፍና ጋሻ ይዛ ፍለጋ ወጣች። እሱም ራሱን ለውጦ ነበርና ሲገናኙ አልተዋወቁም። ሰይፍ ተማዘዙ። አንድ ሰዓት ያህል ተፋለሙ፤ እሷ ቆሰለች፣ ከእሱም ፊት ደም ወረደ። «ይብቃን» ብሎ ከጭፍሮቹ ጋር እንድትቀላቀል የለመናት ሮቢን ነው። በድምፁ አወቀችው።

ልቤን የወሰደው ይህ ቦታ ነው። ሮቢን ጓደኛ እንድትሆነው የመረጣት ወንድ መስላው፣ ክንዷን ቀምሶ ነው። ፍቅሩ ቁንጅናዋን ያስታወሰው በኋላ ነው። በጥንታዊዎቹ የሮቢን ሁድ ዘፈኖች ውስጥ ማሪያን ጭራሽ የለችም፤ በግንቦት ወር በዓላት ጨዋታ በኩል ነው ወደ ታሪኩ የገባችው። ዘግይታ መጣች፤ ባዶ እጇን ግን አልመጣችም።

ስመለስ ኤድዊንስቶው ባለችው ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆምኩ። ሁለቱ የተጋቡት እዚህ ነው ይላል አፈ ታሪኩ። ያመነ ይመን፤ እኔ ግን ሙሽራዋን ሳይሆን ሰይፉ የተወባትን ጠባሳ ነበር የማስበው።

ወደ ኖቲንግሃም የምትሄዱ ሁሉ፣ ከሐውልቱ በፊት ያንን ዘፈን አንብቡ። አጭር ነው፤ ባቡሩ ሳይደርስ ያልቃል።