ሰባቱ ዓርቦችና የምድጃው ዓሣ

በሐዳይቅ አል-መዓዲ የምንኖር ኢትዮጵያውያን እንግዳ ለመጋበዝ ስናስብ ከገበያው አስቀድመን የምንመለከተው የበዓላትና የአጽዋማትን አቆጣጠር ነው። በግብፅ የሳምንቱ የዕረፍት ቀን ዓርብ ነው። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያድሩ ብዙ እኅቶቻችን የሚወጡት በዚሁ ዕለት ነው፤ ወደ ደብረ ቁስቋም የሚያልፉ ተሳላሚዎችን ተሰብስበን ለመቀበልም የሚመቸን ይኸው ቀን ነው። ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። ስለዚህ የአንድነታችን ማዕድ አብዛኛውን ጊዜ ሽሮና ምስር ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም ተርቦ አይነሣም።

የሚከብደው ሌላ ነው። ግብፃውያን ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በጾመ ነቢያትና በጾመ ሐዋርያት፣ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር፣ ዓሣ ይበላሉ። እኛ በአባቶቻችን ሥርዓት በጾም ዓሣ አንቀምስም። ጎረቤት በፍቅር ያመጣችውን ሳህን አመስግኖ መመለስ ለሰጪዋም ለተቀባዩም ጭንቅ ነው። ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ ጳጳሳትን ከእስክንድርያ መንበር ስንቀበል ኖረን፣ የራሳችንን ፓትርያርክ ያገኘነው በ1951 ዓ.ም. ነው። ይህን ያህል ዘመን በአንድ እምነት የኖሩ ወገኖች በአንድ ሳህን ምክንያት ሊራራቁ አይገባም።

መፍትሔው በዓለ ሃምሳ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ በሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ሰባት ዓርቦች አሉ። ጌታችንም ከተነሣ በኋላ በደቀ መዛሙርቱ ፊት የበላው የተጠበሰ ዓሣ ነበርና፣ ለወቅቱ የሚስማማ ማዕድ ነው።

ግብፃውያን ቡልቲ የሚሉት ዓሣ በጣና ዳር ቆሮሶ የምንለው ነው። በገበያ የሚገኘው አብዛኛው በኩሬ የረባ ስለሆነ ለድኻም ኪስ ይቀርባል። ለ8 እንግዶች ግማሽ ግማሽ ኪሎ የሚመዝኑ 4 ዓሦች እንገዛለን። ሻጩ ቅርፊቱን ፍቆ፣ ስንጥቡንና ሆድ ዕቃውን አውጥቶ፣ «ሲንጋሪ» በሚባለው አቆራረጥ ከጀርባው ሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይዘረጋልናል። ቤት ስንደርስ በጨውና በሎሚ አጥበን በንጹሕ ጨርቅ እናደርቀዋለን። ከዚያ 8 ፍንካች የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ 1 የሻይ ማንኪያ ድንብላል፣ 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ጨው፣ የ2 ሎሚ ጭማቂና ግማሽ ሲኒ ዘይት ለውሰን እንቀባዋለን፤ ግማሽ ሰዓትም እናሳርፈዋለን። በፓትራ ላይ ክብ ክብ የተቆረጠ ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም አንጥፈን፣ ዓሣውን በቆዳው በኩል እናስተኛለን፤ ከላይ ቃሪያ እንጨምራለን። 200 ዲግሪ በጋለ ምድጃ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ሥጋው ነጥቶ ከአጥንቱ በቀላሉ ሲለቅ በስሏል። ምድጃ የሌለው ቤት ለዓሣ ሻጩ ጥቂት ከፍሎ እዚያው ያስጋግራል።

ለአበሾቹ እንጀራ፣ ለጎረቤቶቻችን የአገሩን ዳቦና ሩዝ እናቀርባለን፤ ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱም ወገን ከሌላው ይወስዳል። ከዓሣው አጠገብ ግን አንድ ድስት ምስር ዘወትር ይኖራል። በስእለት ወይም በገዳም ሥርዓት ከዓሣ የሚከለከሉ አባቶችና እናቶች ሊኖሩ ይችላሉና። ማን ከየትኛው እንደሚበላ አንጠይቅም፤ ምክንያቱንም አንመረምርም። እንግዳ ምክንያቱን ሳያስረዳ መብላት ሲችል ብቻ ነው በእውነት የተቀበልነው።

እናንተም ተሳላሚዎች፣ በእነዚህ ሰባት ዓርቦች በካይሮ ብታልፉ፣ በሐዳይቅ አል-መዓዲ ማዕዳችን ለእናንተም የተዘረጋ ነው። ከሰባቱ ውጭ ብትመጡ ሽሮው አለ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።