ማረሚያ፦ ስለ እንጀራና ፕሮባዮቲክ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ቻናል ላይ «እንጀራችን ፕሮባዮቲክ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ብዙ ሰው ሼር አደረገው። እናቴ ደውላ «ታዲያ ምጣድ ላይ ምን ነፍስ ተርፎት?» አለችኝ። (ከኔ ዲግሪ በላይ ሊጥ ታውቃለች።)

ልክ ናት። እርሾ ውስጥ ያሉት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ሊጡን ያኮመጥጡታል፤ ምጣዱ ግን ይፈጃቸዋል። ፕሮባዮቲክ የሚባለው ደግሞ በሕይወት እያለ፣ በበቂ መጠን ሲበላ ጤናን የሚጠቅም ነው። ከነሱ የሚቀረው ኮምጣጣነቱ ነው። እሱም ብዙ ባክቴሪያን ቢያግድ ሻጋታን አያቆምም፤ እንጀራው መሶብ ውስጥ በ3ኛው፣ በ4ኛው ቀን የሚሻግተው ለዚያ ነው።

ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። አንዲት አንባቢ ስለታመመ ልጇ «ሐኪም ያዘዘውን ትቼ እንጀራ አበዛለታለሁ» ብላ ጽፋልኛለች። ትናንት ማታ፣ መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ መለስኩላት። እስካሁን አላየችውም።