የጨለመው ስክሪን

የኮምፒውተር ጠበብት «ከርነል» ይሉታል፤ እኔ «አስኳል» ብለው ደስ ይለኛል። የሥርዓቱ ሁሉ ልብ ነው፤ በዓይን ግን አይታይም። የሚታየው ስክሪኑ ነው፤ ስክሪኑም በቁጥሮች ይተዳደራል፦ ወደ ጎን ስንት ነጥብ፣ ወደ ታች ስንት፣ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ። እነዚህ ቁጥሮች በአንድነት «የማሳያ ሁነታ» ይባላሉ። ሲዛቡ፣ ማሽኑ እየሠራ ስክሪኑ ይጨልማል።

በሊኑክስ ለብዙ ዘመን እነዚህን ቁጥሮች ጠንቅቆ የሚያውቀው አስኳሉ አልነበረም። የማሳያ ካርዱን በቀጥታ የሚያዘው «ኤክስ» የተባለው፣ መስኮቶችን የሚዘረጋልን ፕሮግራም ነበር። ሥራ ሲጀምር የቀድሞውን ሁነታ ይይዛል፤ በሰላም ሲሰናበት ይመልሳል። በድንገት ከሞተ ግን ምስጢሩን ይዞ ይሄዳል። በእኛ ሙያ የካዝና ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይታመንም፤ ሁለት ሰዎች ይካፈሉታል። ያን የሚያህል ሥርዓት ቁልፉን ለአንድ ሟች ፕሮግራም አደራ ሰጥቶ መኖሩ ይገርመኛል።

ተማሪ ሳለሁ፣ ለክረምት ዕረፍት ወደ ለሚ በመጣሁበት ጊዜ፣ አንድ ምሽት መብራት ጠፋና ባትሪ ለመቆጠብ አሮጌውን ላፕቶፕ አስተኛሁት። ስቀሰቅሰው ማራገቢያው ይዞራል፣ ትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ጅምር ግጥሜ ከጥቁሩ መስታወት ጀርባ ነበረች። ከማጥፋት በቀር ምርጫ አልነበረም። ዛሬም የሚቆጨኝ ስንኞቹ ስለ ጠፉ ብቻ አይደለም፤ ማጥፊያውን እስክጫን ድረስ ሕያዋን እንደ ነበሩ ስለማውቅ ነው።

መጋቢት 2001 ዓ.ም. በወጣው ሊኑክስ 2.6.29 ነገሩ መለወጥ ጀመረ። በመጀመሪያ ለኢንቴል፣ ቆይቶም ለሌሎች ካርዶች፣ ሁነታውን መሰየም የአስኳሉ ሥራ ሆነ። ኤክስ ቢሞት፣ ላፕቶፑ ተኝቶ ቢነሣ፣ አስኳሉ ከራሱ መዝገብ አንብቦ ይመልሰዋል። በኋላ ደግሞ አዲስ ሁነታ ሲጠየቅ አስቀድሞ ሙሉውን መመርመር መጣ፤ አንዱ ቁጥር ካልተስማማ ምንም አይነካም፣ የቀድሞው እንዳለ ይቀጥላል። ይህን ሳነብ የራሴን መዝገብ አሰብሁ፤ ከአንዱ ሒሳብ ወጪ ሆኖ ለሌላው ገቢ ያልሆነ ገንዘብ እኛም ዘንድ አያልፍም።

ከሁሉ የሚከብደው አስኳሉ ራሱ የወደቀ እንደሆነ ነው። በዚያ ሰዓት የማሳያውን መቆለፊያ ሌላ የፕሮግራም ክፍል ይዞት ደንዝዞ ይሆናል፤ አስኳሉ እስኪከፈት ቢጠብቅ ለዘለዓለም ይጠብቃል፤ ሰብሮ ቢገባ የተረፈውን ያበላሻል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከወጣው ሊኑክስ 6.10 ጋር የመጣው መፍትሔ በትሕትናው ያስደንቀኛል፦ ሁነታውን ለመቀየር አይሞክርም። የነበረውን ስክሪን እንዳለ ይቀበልና በላዩ ላይ የስንብት ቃሉን ይጽፍበታል።

አንድ ነገር ልጨምር። መስኮት ለሌለው፣ ጽሑፍ ብቻ ለሚያሳየው ስክሪን የተዘጋጀ «ጎሐ» የተባለ የፊደላችን ቅርጽ በዴቢያንና በኡቡንቱ ውስጥ ይገኛል፤ ስሙ ጎሐ ጽባሕን ያስታውሰኛል። የአስኳሉ የስንብት ቃል ግን የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።