ከበረሳ ዳር

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር

ውድ ወንድሜ፣

ብርዱ የዋዛ አይደለም፤ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ስለሚያድር ፀሐይ ሞቅ እስክታደርገው ድረስ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጌን አልፈታም።

ክረምት ያደፈረሰው የበረሳ ወንዝ ጠርቷል። ከከተማው ወደ ላይ ራቅ ብዬ ከላባ የተሠራችውን የማጥመጃ ዝንብ ከድንጋይ ጀርባ ወዳለው የረጋ ውኃ እጥላለሁ። ወራጁ ክሩን ከጎተተው ዝንቧ ያለ ልክ ትሮጣለች፣ ዓሣውም ይሸሻል፤ ስለዚህ ዘንጉን ከፍ አድርጌ ክሩን ከውኃው አነሣለሁ። ትናንት ከመዳፌ የማትበልጥ ባርበስ የምትባል ዓሣ ያዝኩ። ጎኗ ወርቅማ ነው፤ አፏ ዳርና ዳር ሁለት ሁለት ጢም አላት። እጄን አርጥቤ መንጠቆውን ነቀልኩና ለቀቅኳት። እረኞቹ ልጆች ለምን እንደማልበላት ደጋግመው ጠየቁኝ። እግራችን ሥር ደግሞ ሌላ ትንሽ ዓሣ ከአገጯ በታች ባለው መምጠጫ ድንጋይ ላይ ተጣብቃ አረንጓዴውን አልጌ እየፋቀች ትበላ ነበር። ወራጅ ውኃ አይወስዳትም።

የባሌን ትራውት ዓሣ አምጥተን እዚህ እንጨምር ያልከውን ብዙ አሰብኩበት። ደጋው ይስማማዋል ማለትህ ልክ ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። በባሌዎቹ የዌብና የዳንካ ወንዞች ያጠመድከው ትራውት ከኬንያ የመጣ እንግዳ ነው። ትንንሽ ዓሣ ይበላል፣ የእነሱንም ምግብ ይሻማል። በደቡብ አፍሪካ ኡምኮማዛና ወንዝ በ1938 እ.ኤ.አ. የተገኘች አንዲት ትንሽ ዓሣ ከዚያ ወንዝ ጠፍታለች፤ ለዚህም ተጠያቂ የሚደረገው ትራውት ነው። በኋላ እንደገና የተገኘችው ሌሶቶ ተራሮች ውስጥ ነው። የኛዎቹ ከጠፉ ከየት እናመጣቸዋለን?

ከነገ ወዲያ ወደ አንኮበር እሄዳለሁ። በረሳ በጀማ ወንዝ አድርጎ አባይ ይገባል፤ ከአንኮበር ገደል ቁልቁል የሚወርደው ውኃ ግን አዋሽን ተከትሎ በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ባርበስ በሁለቱም ተፋሰስ አለ። አንድ ተራራ ለሁለት የከፈላቸውን ዓሦች በአንድ ሳምንት ውስጥ በዓይኔ አይቼ ላወዳድር ነው፤ ደስታዬን ልነግርህ አልችልም።

ለገና ስትመጣ ቀጭን ክርና ትንንሽ መንጠቆ ይዘህልኝ ና፤ እዚህ አላገኘሁም። ለእማዬ ሰላም በልልኝ፤ ጋቢዬን በየምሽቱ እየለበስኩ ነው በላት።

ወንድምህ