የብር ዶሮ

ሰው ብዙ ነገር ይሰበስባል። አንዱ ቴምብር፣ ሌላው የድሮ ሸክላ፣ ሌላው ደግሞ ቂም ይሰበስባል። እኔ የምሰበስበው የብር ኩክ ማውጫ ነው። ይህን ስናገር የሚስቅብኝ አይጠፋም፤ አንባቢዬም ፈገግ ብለው ከሆነ አልቀየምም። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ሲቆጥር የሚውል የባንክ ሠራተኛ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ የጆሮ መጥረጊያ ሲቆጥር ማየት በእርግጥ ያስቃል።

ይሁን እንጂ አንዷን በመዳፋችሁ ላይ አስቀምጣችሁ ብታዩአት ሳቁ ወደ ዝምታ ይለወጣል። ርዝመቷ ከጣት አይበልጥም። በታችኛው ጫፏ ጥቂት ጎድጎድ ያለች ትንሽ ማንኪያ አለች። የላይኛው ጫፍ ግን የአንጥረኛው ነፃነት የሚጀምርበት ቦታ ነው። መስቀል ያለባት አለች፤ ርግብ፣ ኮከብ፣ ዘውድ መሳይ የተቀመጠባት አለች። እናቶቻችን ከመስቀላቸውና ከቀለበታቸው ጋር በማተባቸው ላይ አንጠልጥለዋት ኖረዋል። ጸሎትና ትዳር በተንጠለጠሉበት ክር ላይ የጆሮ መጥረጊያ አብራ መንጠልጠሏ ለእኔ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። የተቀደሰውና የዕለት ተዕለቱ በአንድ ክር ሲታሠሩ አንዳቸው ሌላውን አላሳፈሩም።

አብዛኞቹ የተሠሩት ከጠገራ ብር ነው፤ ከማርትሬዛ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ያረፈችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ ብሯ በየትኛውም ዓመት ቢመታ፣ በላዩ የሚጻፈው ያው 1780 ሆኖ ቀረ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከዚህ ውስጥ ከ23 ግራም በላይ የሚሆነው ንጹሕ ብር ነው። የአገራችን ነጋዴ ብሩን ሲቀበል ፊቷን አይቶ ብቻ አያልፍም ነበር፤ በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ትኩር ብሎ እያየ እንክብሎቹን ይቆጥር ነበር። እንክብሎቹ ከጠፉ ወይም ከተፋቁ ብሩን አልቀበልም ይላል። እንግዲህ ያ ገንዘብ ገና ጌጥ ሳይሆን በፊት፣ የሚታመነው በላዩ ባለው ጌጥ ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ የሚነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በብሩ ላይ ያለችው ሴት ራሷን በሻሽ ሸፍናለች። ያ የመበለትነት ሻሽ ነው። ባሏ በ1765 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ ማርያ ቴሬዛ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ሐዘኗን አላወለቀችም። የእኛ አንጥረኛ ያቺን ሐዘንተኛ ሴት ነበር ከሰል ላይ አስቀምጦ፣ ወናፉን እየነፋ፣ አቅልጦ የሙሽራ ጌጥ የሚያደርጋት። አንድ ማታ ይህን ሳስብ የሚከተሉትን አራት ስንኞች ሞነጫጨርኩ፦

ሐዘን ያጠላበት የዚያች ንግሥት ፊት፣
ወናፍ ሥር ቀለጠ ለሙሽራ አንገት፤
ሞትና ልደቱ በአንድ እሳት ሲነጥር፣
አልቃሽና ዘፋኝ አንድ ናቸው ለብር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር በፓሪስ ማስመታት ቢጀምሩም፣ ገበሬው የለመዳትን ሴት በቀላሉ አልለቀቀም። ሙሶሊኒም ይህን ያውቅ ነበር፤ በ1935 እ.ኤ.አ. አገራችንን ሲወር የማርትሬዛን ብር በሮም ማስመታት ይዞ ነበር። በ1945 እ.ኤ.አ. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ የጠገራ ብር ሕጋዊ መገበያያነት አበቃ። ነገር ግን ገንዘብነቱ ቢያበቃም ብርነቱ አላበቃምና፣ በየገጠሩ ከእንስራና ከሣጥን እየወጣ ወደ አንጥረኛው ቤት መጓዙን ቀጠለ።

ይህ ለእኔ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የብር ኖቶች ሲለወጡ በመስኮቴ ፊት ሰልፉ እስከ በር ይደርስ ነበር። በዚያን ሰሞን ከእጄ ካለፉት አሮጌ ኖቶች መካከል ስፌት የምትሰፋዋ ሴት ያለችበት አሥር ብር ይገኝበታል። ያቺ ሴት ልጅ ሆኜ ከሱቅ ከረሜላ የገዛችልኝ ናት። ወረቀት ግን ቀልጦ ሌላ ጌጥ አይሆንም፤ ዘመኑ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል።

ስለ አንጥረኛውም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ኩክ ማውጫዎቼን አገላብጬ ብፈልግ የአንድም ሠሪ ስም አላገኘሁባቸውም። ይህ ትሕትና ብቻ አይመስለኝም። በብዙው የአገራችን ክፍል ብረትና ብር ቀጥቅጦ የሚያድር ሰው «ጠይብ» እየተባለ ተንቋል፤ «ቡዳ ነው» እየተባለም ተፈርቷል። የእጁን ሥራ አንገታችን ላይ አሥረን ሰውየውን ከማዕዳችን አርቀነዋል። ስሙን ማን ይጠይቀዋል? እርሱስ ለማን ብሎ ይጽፈዋል?

ስም በሌለበት ቦታ ደግሞ ተረት ይገባል። ሻጮች ለእያንዳንዷ ኩክ ማውጫ ታሪክ አላቸው። ይህቺ የጎንደር ወይዘሮ ናት፤ ያቺ የአንድ ደጃዝማች ሚስት ናት ይሉኛል። ታሪኩ ሲያምር ዋጋው ይጨምራል። አልቆጣም፤ ደስ እያለኝ እሰማለሁ። ነገር ግን እውነተኛው ታሪክ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ዝቅ ያለ መሆኑን ከአክስቴ ተምሬአለሁ።

አክስቴ ወሎ ተወልደው ወሎ ያረጁ ሴት ናቸው። በማተባቸው ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት አንዲት ኩክ ማውጫ ነበረች፤ ጫፏ ላይ ክንፏን የሰበሰበች ወፍ አለች። አንድ ነጋዴ ቢያያት «መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል» ብሎ ሦስት እጥፍ ይጠራባት ነበር። አንድ ቀን «እትዬ፣ ርግቧን ማን ሠራልዎ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የምን ርግብ! ዶሮ ናት እንጂ» አሉኝ።

ሲያገቡ ጥሎሻቸው ሁለት ጠገራ ብር ነበር። በ1966 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ አንደኛው ለእህል ወጣ። ከዚያ በሬው፣ ከዚያ ፍየሏ ሄደች። በመጨረሻ በቤቱ የቀረችው አንዲት ዶሮ ነበረች። ባላቸው ገበያ ወስደው በሽንብራ ለወጧት፤ ልጆቹ በዚያች ሽንብራ ሰነበቱ። ዝናብ ሲመለስ ባላቸው ያስቀሩትን አንድ ጠገራ ይዘው አንጥረኛ ቤት ሄዱ። ብሩ ለአንድ ቀለበትና ለአንድ ኩክ ማውጫ በቃ፤ የተረፈው የእጅ ዋጋ ሆነ። አንጥረኛው «ጫፏ ላይ ምን ላድርግባት?» ቢላቸው «ዶሮ» አሉት። ሰውየው ሳቀ። «አትሳቅ፣ ባለውለታችን ናት» አሉት።

ባለፈው ዓመት የአክስቴ የልጅ ልጅ ሴት ልጅ ወለደች። ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ነውና አክስቴ አስጠሩኝ፤ ኩክ ማውጫዋን ከማተባቸው ፈትተው በእጄ አኖሩ። «ይህቺን አስቀልጠህ ለልጅቷ መስቀል አሠራልኝ» አሉ።

ተከራከርኳቸው። ሌላ ብር በገንዘቤ እገዛለሁ፣ ያማረ መስቀል አሠራለሁ፣ ዶሮዋ ግን ትቀመጥ አልኩ። እንዲህ ያለች ዳግመኛ እንደማትገኝ፣ ታሪኳም ከእሷ ጋር እንደሚጠፋ ለማስረዳት ሞከርኩ። በትዕግሥት አዳመጡኝና «ልጄ፣ ዶሮዋ ያኔም የሄደችው ለልጆቼ ነው» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። አንጥረኛው ሲመዝናት ሰባት ግራም ወጣች። በእጅ ስልኬ ፎቶ አነሣኋት፤ ከዚያ እሳቱ ውስጥ ገባች። መጀመሪያ ምንቃሯ፣ ቀጥሎ ክንፏ ለሰለሰ፤ ጥቂት ቆይቶ የምትንቀጠቀጥ አንዲት ጠብታ ብቻ ቀረች። አንጥረኛው ዝም ብዬ ማየቴን ታዝቦ «ከመስቀሉ ጀርባ ምልክት ልተውላት?» አለኝ። ለአክስቴ ደውዬ ጠየቅኋቸው።

«ተወው፣ ሲነግሯት ታውቀዋለች» አሉ።

የሚነግራት ማን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። እርሳቸው ሰማንያን ተሻግረዋል፤ ልጅቷ ገና ጥርስ አላወጣችም፤ መስቀሏን ወደ አፏ እየወሰደች ትጠባዋለች ይሉኛል። ይህን የጻፍኩት ስለዚህ ነው። አድጋ ፊደል ስትለይ አንድ ሰው ያንብብላት፤ አለዚያም ራሷ ታንብበው፦ በአንገትሽ ያለው መስቀል ቀድሞ ዶሮ ነበር፤ ከዚያም በፊት አንዲት ሐዘንተኛ ሴት ነበር።