ዱባው በጋቢ



ልጆችን ቁርኣን በማስቀራት ሥራ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ወላጆች ልጃቸው መቼ ጁዝ ዐመን እንደሚጨርስ ሲጠይቁኝ ኖረዋል። ልጃቸው ከሌላ ልጅ ጋር አንድ ሥራ አብሮ መሥራት ይችል እንደሆነ የጠየቀኝ ወላጅ ግን አላስታውስም።

ጥያቄውን ያመጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። እንደሚታወቀው ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ሳቢያ በርካታ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተዋል። እዚህ በአዊ ዞን፣ በዳንግላ ከተማ፣ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት በመስጊድ ግቢ ከሚሰበሰቡት የአምስት፣ የስድስትና የሰባት ዓመት ሕፃናት ብዙዎቹ ከወንድሞቻቸውና ከእህቶቻቸው በስተቀር ከሌላ ልጅ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው አያውቁም ነበር። ምንጣፍ ዘርጉ ሲባሉ ሁለቱም ጫፍና ጫፉን ይዘው «እኔ ነኝ የምዘረጋው» እያሉ ይጓተታሉ። ምንጣፉ ሳይዘረጋ የትምህርቱ ሰዓት ይጋመሳል። ስለዚህ አሥረኛ ክፍልን ያጠናቀቀች አንዲት እህታችንና እኔ፣ ከቂርኣቱ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ያለ ክፍያ አብሮ መሥራትን ለማስተማር ሰጠነው።

የመድረሳ ትምህርት አሰጣጣችን ለዚህ ነገር ብዙም አያመችም። ልጁ ተራው ሲደርስ ኡስታዙ ፊት ይቀመጣል፤ ትምህርቱን ይቀራል፤ ስሕተቱ ይታረምለታል፤ ይነሣል። አሠራሩ ለቁርኣን ትምህርት ተወዳዳሪ የለውም፤ ለአንዱ ምላስ የሚከብደው ሐርፍ ለሌላው ቀላል ነውና እያንዳንዱ ለብቻው መደመጥ ይገባዋል። ይሁን እንጂ ልጁ በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚያውቀው ኡስታዙንና ለውሁን ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ወይ የሚቀድመው ነው ወይ የሚቀደመው።

የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ቢሆኑ ነገሩን ሞክረውት ነበር። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን፣ ማለትም ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ «አንድ ለአምስት» የሚባል የተማሪዎች አደረጃጀት እንደነበር ወላጆች ታስታውሳላችሁ። ጎበዙ ሌሎቹን እንዲመራ የታሰበ ነው። ሐሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ፣ እኔ እንዳየሁት ከሆነ ሥራውን ጎበዙ ይሠራዋል፤ የቀሩት ስማቸውን ያስጽፋሉ።

ታዲያ ከየት እንጀምር? ብዙ ካሰብን በኋላ የተመለስነው ሁላችንም ወደምናውቀው ታሪክ ነው። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በነቢይነት ከመላካቸው አምስት ዓመት ገደማ በፊት፣ ዕድሜያቸው 35 ዓመት ሳለ፣ ቁረይሾች ካዕባን እንደገና ሠሩ። ሐጀረል አስወድን፣ ጥቁሩን ድንጋይ፣ ወደ ቦታው የመመለሱን ክብር ግን ለሌላው ጎሣ የሚለቅ ጠፋ። ነገሩ ለመጋደል እስከ መማማል ደረሰ። በመጨረሻ በበሩ ቀድሞ የሚገባው ሰው ይፍረደን ተባባሉ፤ የገቡትም እሳቸው ሆኑ። ኩታ አስመጥተው ድንጋዩን መሐሉ ላይ አኖሩት፤ የየጎሣው ሰው የኩታውን ዳር ይዞ እንዲያነሣ አደረጉ፤ ከቦታው ሲደርስም በገዛ እጃቸው አስቀመጡት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ድንጋዩ አንድ ሰው ሊያስቀምጠው የሚችል ነበር፤ እሳቸውም ያስቀመጡት ብቻቸውን ነው። ቁረይሾች የተጣሉት በሸክሙ አልነበረም፤ በክብሩ ነው። በኩታው ዳርና ዳር የተካፈሉትም ክብሩን ነው። የእኛ ሕፃናት በምንጣፍ የሚጓተቱት ምንጣፉ ከብዷቸው ነው እንዴ? እኛ አዋቂዎች ግን «ተጋገዙ፤ ሥራ ይቀልላችኋል» እያልን ስለ ሸክም እንሰብካቸዋለን። ልጁ ሥራው እንዲቀልለት አልጠየቀም። «እኔ ሠራሁት» ማለትን ነው የፈለገው። እሱን የሚያካፍለው ካገኘ ምንጣፉን ይለቃል።

ታሪኩን ከነገርናቸው በኋላ በተግባር አሳየናቸው። ድንጋይ ለሕፃን እግር አስጊ ስለሆነ መካከለኛ ዱባ መረጥን። ስድስት ስድስት እየሆኑ ጋቢውን ዙሪያውን ይዘው ዱባውን ከበሩ እስከ ዛፉ ጥላ ያደርሳሉ። ሕጉ አንድ ነው፤ ዱባው መሬት ከነካ ሁሉም ከመነሻው ይጀምራሉ። «ማን ጣለው?» የሚባል ጥያቄ የለም። ሲደርስ ደግሞ ከጋቢው አንሥቶ የሚያስቀምጠው በየጊዜው ተራ የደረሰው ልጅ ነው፤ ደካማውም ሆነ ትንሿ ተራቸው አይዘለልም።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ወደ ራሱ ስለ ጎተተ ጋቢው ተወጠረ፤ ዱባው መሐል ላይ ቀረ፤ ማንም አልተራመደም። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ረጅም ልጅ ከፍ አድርጎ ያዘና ገሠገሠ። ዱባው ተንከባልሎ በትንሿ ልጅ በኩል ወረደ። ጮኹበት፤ ከመነሻው ጀመሩ፤ እንደገና ወደቀ። (አንዱ ዱባ ተሰብሯል። ወጥ ሆኖ ለልጆቹ ተመልሷልና ብክነት አልነበረም።) ትልቁ ፈተና የእኛ የአዋቂዎቹ ዝም ማለት ነበር። እኔ «አንተ ዝቅ በል» ልል አፌ ላይ ሲደርስ እህታችን በዓይኗ ትከለክለኛለች። በሦስተኛው ሳምንት ረጅሙ ልጅ ጉልበቱን አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በትንሿ ልጅ እርምጃ ሲራመድ አየነው። ያዘዘው ማንም አልነበረም።

ሌላም ነገር ሆነ። እኩል ለማንሣት የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። ከገጠር የመጣ፣ በቤቱ አገውኛ የሚናገር፣ አማርኛው ያልጠነከረ አንድ ልጅ ነበረን፤ ቡድን ሲመረጥ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚቀረው እሱ ነው። እህታችን በቋንቋው እንዲቆጥር አደረገችው። እሱ ሦስት ሲል ስድስቱም አነሡ። አሁን የቡድኑ ልጆች ሁሉ ዱባ የሚያነሡት በአገውኛ ቆጥረው ነው፤ ቋንቋውን ያልተማሩ አንዳንድ ልጆች አያቶቻቸው በአገውኛ ሲቆጥሩላቸው ደስ እንዳላቸው ሰምቻለሁ።

በአካባቢያችን ለልጆቹ የሚቀርብ ምሳሌ አልጠፋም። ሁሉም ፈረሰኛ መሆን ይፈልጋሉ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉ ይከበራል። ልጆቹ የሚያውቁት ጉግሡንና የፈረሱን ጌጥ ነው። ማኅበርተኞቹ በሐዘንና በደስታ እንደሚደራረሱ ስንነግራቸው ግን «ፈረስ የሌለውስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ሁሉም ወላጅ በሥራችን ተደስቷል ብዬ አልጽፍም። አንድ ነጋዴ ወንድማችን መጥቶ «ኡስታዝ፣ ልጄን የላክሁልዎ ሊቀራ ነው። ዱባ መሸከም ቤቱም አያጣውም» አለኝ። «ወንድሜ፣ ከቂርኣቱ ሰዓት የነካነው ነገር የለም» ብዬ የሐጀረል አስወድን ታሪክ ነገርኩት። ታሪኩን ከእኔ የተሻለ ያውቀዋል። «እሳቸው የፈረዱት ለጎሣ አለቆች ነው፤ ይኸ ሕፃን ነው። ሰዓቱ ካለ ለምን አይከልስበትም?» አለ። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ እውነትም በዚያ ሰዓት አንድ ሱራ ይከለስበታል።

በዚህ ጊዜ እህታችን አንድ ዘዴ አመጣች። ልጆቹ ውዱእ ሲያደርጉ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ በጆግ ውሃ ያፈስሳል፣ ሌላው ይታጠባል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። የሚያፈስሰው ልጅ የጓደኛውን እጅ እየተከተለ፣ ሳያፈጥን ሳያዘገይ ማፍሰስ አለበት። ውሃውም ይቆጠባል፤ የውዱእ ቅደም ተከተልም ይጠናል፤ የሚያፈስሰው «ክንድህ ቀረ» እያለ ያርማልና። ነጋዴው ወንድማችን ቆሞ አየ። ልጁ የሚያፈስሰው ለዚያ አገውኛ ተናጋሪ ልጅ ነበር። «ይኸስ ይሁን» አለ። «ዱባውን ግን ረመዳን ሲመጣ እናያለን። ልጄ ጁዝ ዐመን እስከዚያ ካልጨረሰ ቅዳሜና እሑድ ከሱቅ አይወጣም።»

ልጁ እስካሁን ሱረቱል ፈጅር ላይ ደርሷል። ከሌሎቹ ልጆች ሁለቱ ያለፉትን ሱራ ከትምህርት በፊት እየመጡ ያደምጡታል። ረመዳንን እየጠበቅን ነው።