ይገጥማል

ሙያውን የለመድኩት አዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ብዙም በማይርቅ ጋራዥ ነው። እዚያ ተለማማጅ ከመፍቻ ቁጥር ቀድሞ የሚይዘው አንድ ቃል አለ፤ «ይገጥማል»። የአንዱ መኪና ዲናሞ ለሌላው ይገጥማል፤ እምቢ ካለም ሞረድ ነካ ነካ ሲደረግ ይገጥማል። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ መጥቼ አሥራ አንድ ዓመት ስሠራም ቃሉ አልለቀቀኝም። ቅንጡ መኪና ጋራዣችን ሲገባማ ይብስብኝ ነበር።

ሌክሰስ ይዞ ለመጣ ሰው ኮፈኑን ከፍቼ «ይሄ እኮ ቶዮታ ነው» ስለው ደስ ይለኛል። ማዜራቲ ለገዛው «ሞተሩን ፌራሪ ነው የሠራልህ» እለዋለሁ። ስለ ሮልስ ሮይስ ከተነሳ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሲልቨር ሴራፍ የቢኤምደብሊውን 5.4 ሊትር ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ተሸክሞ እንደነበር ተርኬ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብዬ እዘጋለሁ። አንዱም ውሸት አልነበረም። ያሳሳተኝም ይኸው ነው።

ጋሼ የምላቸው ደንበኛ አሉኝ፤ ልጆቻቸውን ታክሲ እየነዱ ያስተማሩ ሰው። ጡረታ ሲወጡ የ2005 ሌክሰስ ኤልኤክስ 470 ገዙ። ምክንያታቸውን አገር ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ባለሥልጣን የሚጫንበት መኪና በሞተሩ ስም «ቪ8» ነው የሚባለው። ኤልኤክስ 470 የላንድክሩዘር 100 እህት ናት፤ እሷም ቪ8 ናት።

ከዚህ ሞተር ጀርባ፣ ወደ ካቢኑ ማሞቂያ ሙቅ ውሃ የሚያሳልፉ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ማገናኛዎች አሉ። ሲያረጁ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራሉ። የጋሼ አንደኛው 495 አውራ ጎዳና ላይ ተሰበረ። ውሃው አለቀ፣ ሙቀቱ ወጣ፣ እሳቸው «ቤቴ ልድረስ» ብለው ነዱ፤ ሞተሩ አለቀለት። ከሦስት ወር በፊት ዘይት የቀየርኩላቸው እኔ ነበርኩ። ያን ዕለት ማገናኛዎቹን በጣቴ ጫን አድርጌ ባያቸው ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ያገለገለ የኤልኤክስ ሞተር ተወደደብን። እኔም «ለስም ምን ያስከፍለናል?» አልኩ። 2ዩዜድ-ኤፍኢ የሚባለው ይህ 4.7 ሊትር ሞተር ላንድክሩዘር 100 ላይ አለ፣ ጂኤክስ 470 ላይ አለ፣ ፎርራነር ላይ አለ፣ ቱንድራና ሴኮያ ላይም አለ። ጃንክያርድ ውስጥ ከኋላው የተመታ የ2005 ሴኮያ አገኘሁ፤ ዋጋው ግማሽ። ዓመቱ አንድ፣ የሞተሩ ስም አንድ፣ ሊትሩ አንድ።

«ይሆናል ልጄ?» አሉኝ ጋሼ።

«ይገጥማል» አልኳቸው።

ሞተሩ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳለ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ከቴስታታው ፊት ለፊት፣ ግራና ቀኝ፣ አሮጌው ላይ የሌሉ ሶኬቶች አየ። «እነዚህ የምንድን ናቸው?» አለኝ። «ተዋቸው፣ አያስፈልጉም» አልኩት። እኔም አይቻቸው ነበር። ሞተሩን ሰቅለን አስገባን፤ የካምቢዮው ብሎኖች በእጅ ገቡ፤ ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሽቦውን ማያያዝ ስንጀምር ግን ሁለቱም ወገን ላይ ሶኬት አለ፣ የሚሰካበት ሽቦ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶዮታ በ2005 ለሴኮያና ለቱንድራ ቪቪቲ-አይ የሚለውን ዘዴ ጨመረበት፤ ኮምፒውተሩ በዘይት ግፊት ካምሻፍቱን እያዞረ የአየር ማስገቢያ ባልቦላዎቹ የሚከፈቱበትን ቅጽበት ይቀያይራል። ኤልኤክስ 470 ይህን ያገኘችው በ2006 ሞዴል ነው። ስለዚህ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ስም፣ የሌክሰሱ ሞተር 235 ፈረስ ጉልበት፣ የሴኮያው 282 ነበረው። ርካሹ ይበልጥ ነበር! የጋሼ መኪና ኮምፒውተር ደግሞ ስለ እነዚያ ሶኬቶች ምንም አያውቅም። ሽቦውንም ኮምፒውተሩንም ልቀይር ብል ከካምቢዮውና ከቁልፉ ጋር ማስማማት ሌላ ጣጣ ነው።

ቁልፉን ሳልጠመዝዝ ሞተሩን መልሼ አወረድኩ። ከዚያ ለጋሼ ደወልኩና «ጃንክያርዱ የተበላሸ ሞተር ሸጠልን» አልኳቸው።

በዚያ ሰሞን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የቀለድኩባቸውን ሞተሮች አንድ በአንድ አነበብኩ። የማዜራቲ ኳትሮፖርቴ 4.2 ሊትርና የፌራሪ ኤፍ430 4.3 ሊትር ከአንድ ቤተሰብ ናቸው። ክራንክ ሻፍታቸው ግን ይለያያል፤ የፌራሪው ክርኖች በአንድ ጠፍጣፋ መስመር ላይ ናቸው፣ ይጮሃል፤ የማዜራቲው መስቀለኛ ነው፣ ባለ አራት በር መኪና ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ረጋ ይላል። በ2003 የመጣው የሮልስ ሮይስ ፋንተም ሞተር የቢኤምደብሊው 760 ባለ 12 ሲሊንደር ዘመድ ነው። 6 ሊትሩ ወደ 6.75 ሰፋ፣ የመጠምዘዝ ኃይሉ ከ600 ወደ 720 ኒውተን ሜትር ወጣ። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው ሰዓት ተነስቶ ምን ያህል ጉልበት እንደቀረ የሚያሳይ ገባ። እኔ «ስም ቀየሩ» የምለው ይህንን ነበር። (ቤንትሊ አርናዥም በቢኤምደብሊው ሞተር ነበር የጀመረው፤ ፋብሪካውን ፎልክስቫገን ሲገዛው በተቀናቃኝ ሞተር መኖር አልፈለገምና በ1999 የድሮውን 6.75 ሊትር ቪ8 መልሶ አስገባ። ያም ቢሆን እንዲሁ አልገጠመም፤ አካሉን ማጠናከር ግድ ሆነ።)

ቅዳሜ ጋሼ አምባሻ ይዘው መጡ። ሊያጽናኑኝ ነው። «ሌቦች! አንተንም አከሰሩህ» እያሉ ጃንክያርዱን ሲረግሙ አምባሻው እጄ ላይ ከበደኝ። ወደ ውስጥ ወስጄ ሶኬቶቹን አሳየኋቸው።

«ሞተሩ ደህና ነው፣ ጋሼ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። «መጀመሪያ ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«እና እንደሱ አትለኝም?»

ትክክለኛው ሞተር ሲገኝ የዋጋውን ልዩነት ከኪሴ ከፈልኩ፤ የእጅ ሥራም አላስከፈልኩም። መኪናቸውን ሊወስዱ የመጡ ዕለት ከጎኔ ቆመው ኮፈኑ ውስጥ እያዩ «ታዲያ ይሄ ሌክሰስ ነው ቶዮታ?» አሉኝ፤ ፈገግ እንደማለት ብለው። የአሥራ አንድ ዓመት መልሴ አፌ ላይ ነበር። ጨርቄን አንስቼ እጄን ጠረግኩና መጀመሪያ እነዚያን ሁለት አዳዲስ ማገናኛዎች በጣቴ ጫን ጫን አደረግኳቸው።